ይሄ ድስት ኦቨን ውስጥ ይገባል?

ሰላም ወዳጆቼ። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ኦቨን ውስጥ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም የሚለው ላይ። ግማሹ ጠያቂ ዕቃ ሊገዛ ሲል የጻፈልኝ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ዕቃው ፈንድቶበት ወይም እጁ ተቃጥሎ። ስለዚህ የዚህን እትም ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የማንንም ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ኦቨን ያለው ምድጃ ገና አሁን ገዛን። ቤት ያሉት ድስቶችና መጥበሻዎች ግን ሁሉም ምድጃ ላይ ለመጣድ ብለን የገዛናቸው ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የትኛው ኦቨን እንደሚገባ በምን ልወቅ? አንዱን አበላሽቼ መማር አልፈልግም።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። መጀመሪያ ድስቱን ገልብጪው። ብዙ አምራቾች ዕቃው የሚችለውን ሙቀት ከሥሩ ያትሙታል። ቁጥሩን ስታዪ አጠገቡ ያለችውን ፊደልም እዪ፣ ሲ (ሴንቲግሬድ) ናት ወይስ ኤፍ (ፋራናይት)? 350 ኤፍ በሴንቲግሬድ 177 ነው፣ 400 ኤፍ 204፣ 450 ኤፍ ደግሞ 232። ፊደሏን ሳያይ «ይሄ እስከ 400 ይችላል» ብሎ ኦቨኑን እስከ መጨረሻው ያዞረ ሰው ዕቃውን በአንድ ቀን ሊያጣው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ምልክት አለ። የብርጭቆና የሹካ ስዕል። እሱ የሚለው ዕቃውን ምግብ ቢነካው ችግር የለውም ነው፤ ስለ ኦቨን ምንም አይናገርም። የማይክሮዌቭ ምልክትም እንደዚያው ነው። ማይክሮዌቭ በዋናነት የሚያሞቀው ምግቡን ነው፣ ዕቃው ቢሞቅም ብዙውን ጊዜ ከምግቡ ተቀብሎ ነው። ኦቨን ግን ዕቃውን ራሱን ከላይም ከታችም ከጎንም ይጠብሰዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ለዓመታት ያገለገለ የፕላስቲክ ሳህን ኦቨን ውስጥ ደቂቃዎችም ላይቆይ ይችላል።

ሥሩ ላይ ምንም ካልተጻፈስ? ያኔ ዋናውን ብረት ተዪውና ብረቱ ላይ የተገጠመውን ነገር እዪ። አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ስቴንለስ ስቲል 1,400 ዲግሪ አካባቢ። የቤት ኦቨን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 250 ወይም 280 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ብረቱ የትም አይሄድም። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው እጀታው ነው፣ የክዳኑ መያዣ ነው፣ ውስጡ የተቀባው ነገር ነው፣ በክዳኑ ዙሪያ ያለችው የሲሊኮን ቀለበት ናት። አንድ ድስት የሚችለው ሙቀት ከሁሉም ደካማው ክፍሉ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። እኔ ዕቃ ስገዛም ቤት ያለውን ስፈትሽም ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምነሳው።

ጥቁሩ፣ ሲያንኳኩት ደረቅ ድምፅ የሚሰጠው ፕላስቲክ መሰል እጀታ ብዙ ጊዜ ባክላይት ወይም የሱ ዘመድ ነው። ሊዮ ቤክላንድ የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1907 የሠራው ነገር ነው። አንዴ ከጠነከረ በኋላ በሙቀት ተመልሶ አይቀልጥም፣ ለእጀታ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ሲበዛበት ይከስላል፣ ይሰነጠቃል፣ ኩሽናውን በመጥፎ ሽታ ይሞላዋል። አንዱ አምራች እስከ 150 ዲግሪ ይላል፣ ሌላው እስከ 180፣ ለኦቨን ታስቦ የተሠራው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ቁጥር ካልተጻፈለት አታስገቢው። የእንጨት እጀታማ ጭራሽ አይሆንም። እጀታው ራሱ ብረት ሆኖ በብረት ችንካር ከተያያዘ ወይም ከድስቱ ጋር አንድ ላይ ከተቀረጸ ግን ልብሽ ይረፍ።

አሁን ክዳኑን አንሺና ገልብጪው። መሃሉ ላይ ብሎን አለ አይደል? ክዳኑ ብረት ከሆነ ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትተሽ ፕላስቲኩን መያዣ ማውጣት፣ ቀዳዳውን በፎይል ሸፍነሽ ክዳኑን ብቻውን ማስገባት ትችያለሽ። ለብቻው የሚሸጥ የብረት መያዣም አለ፣ በዚያችው ብሎን ይገጠማል። የመስታወት ክዳን ከሆነ ግን የራሱ ወሰን አለው፤ ድስቱ 250 ቢችል እንኳ ክዳኑ 180 አካባቢ ላይ ሊያበቃ ይችላልና ተዪው፣ በፎይል ከድኚ።

እጀታውን በፎይል ጠቅልለሽ አስገቢው የሚል ምክር ትሰሚ ይሆናል። ፎይል ከግሪሉ፣ ማለትም ከኦቨኑ ጣሪያ ካለው እሳት፣ የሚወርደውን ነበልባል ትንሽ ይመልሳል። የኦቨኑ አየር 200 ዲግሪ ከሆነ ግን ከደቂቃዎች በኋላ ፎይሉ ውስጥ ያለውም እጀታ 200 ዲግሪ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው እሁድ ድንች ጠብሼ የመስታወት መጋገሪያውን ከኦቨን አውጥቼ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ሦስት አራት ሰከንድ ሳይሞላ ጮኾ ተበተነ። ልጆቼ እዚያው ነበሩ፣ እግዚአብሔር አተረፋቸው። «ለኦቨን የሚሆን» ተብሎ የተሸጠልኝ ነው። ታዲያ ለምን ፈነዳ? ከእንግዲህ መስታወት ልጠቀም ወይስ ይብቃኝ?

መልስ፦ ልጆቹ እንኳን ተረፉልዎት። ይህ ነገር እኔም ላይ ደርሷል፣ ስለዚህ ድንጋጤውን በደንብ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሥጋ ጠብሼ፣ ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ አወጣሁና የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጥኩት። ቦታውን ያን ጊዜ በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጌው ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ጠብታ ውሃ ጭስ ብሎ ሲተን ነው። ቀጥሎ አንዲት ቀጭን «ጢቅ»። ዞር ስል ሳህኑ የለም። ሥጋው እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ዙሪያውን የበቆሎ ፍሬ የሚያህሉ ስብርባሪዎች ሞልተውታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማቀዝቀዣው ሥር ስጠርግ አንዷን አገኘኋት።

ነገሩ ወዲህ ነው። መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ይሄ ብቻውን አይሰብረውም። የሚሰብረው አንዱ ጎኑ ሲኮማተር ሌላው ጎኑ ገና እንደተለጠጠ ሲቀር ነው፤ ሁለቱ ይጓተታሉ። ብረት ቢሆን ጎበጥ ብሎ ያልፈዋል። መስታወት መጉበጥ አይችልም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የእኔን ሳህን የሰበረው የኦቨኑ ሙቀት አልነበረም፣ ያቺ ስፖንጁ የተወችው ውሃ ናት። የእርስዎም ምናልባት ቀዝቃዛ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ አርፎ ይሆናል፣ ወይም ከዚያ በፊት የተጫረ ቦታ ኖሮት ይሆናል።

የመስታወቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦቶ ሾት የሚባል ጀርመናዊ መስታወት ውስጥ ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ጨምሮ በሙቀት ብዙም የማይለጠጥ ዓይነት ሠራ፤ ቦሮሲሊኬት የሚባለው ነው። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ከዚህ ዓይነት መስታወት የተሠሩ መጋገሪያዎችን እ.ኤ.አ. በ1915 ፓይሬክስ በሚል ስም ገበያ ላይ አወጣ። ተራው መስታወት፣ በእንግሊዝኛ «ሶዳ ላይም» (soda-lime) የሚባለው፣ በተመሳሳይ ሙቀት የቦሮሲሊኬትን ሦስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ዛሬ ግን ብዙ የመስታወት መጋገሪያ የሚሠራው በሙቀት እንዲጠነክር ከተደረገ ሶዳ ላይም ነው። ፓይሬክስ የሚለው ስም ራሱ አሁን ሁለቱም ላይ ይገኛል፤ አሜሪካ የሚሠራው ሶዳ ላይም ነው፣ አውሮፓ የሚሠራው ቦሮሲሊኬት። የጠነከረው ሶዳ ላይም ሲጋጭና ሲወድቅ የተሻለ ይችላል። ቦሮሲሊኬት ደግሞ የሙቀት ለውጥን የተሻለ ይችላል። ስለዚህ ሲገዙ ስሙን ብቻ አይተው አይውሰዱ፣ ማሸጊያው ላይ ቦሮሲሊኬት የሚል ቃል ይፈልጉ። እኔ ለኦቨን የምመርጠው እሱን ነው።

መስታወት ይብቃዎት አልልም። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከኮምጣጣ ምግብ ጋር አይጣላም፣ ሽታ አይይዝም፣ የምግቡ ሥር መቅላቱን በዓይን ያሳያል። ግን ጠባዩን ይወቁለት። ኦቨኑ በደንብ ከሞቀ በኋላ ያስገቡት፣ ምክንያቱም ኦቨን ገና ሲሞቅ እሳቱ ያለማቋረጥ ይነዳል፣ ያ ደግሞ የሳህኑን አንድ ጎን ብቻ ይለበልባል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በቀጥታ ኦቨን አይገባም። ሥጋ ወይም ውሃ የሚያወጣ አትክልት የሚጠብሱ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ሥሩ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ያድርጉበት፤ አለበለዚያ ከምግቡ የሚንጠባጠበው የጋለ ደረቅ መስታወት ላይ ያርፋል። መሃል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም መረቅ መጨመር የለም። ግሪል ሥር የለም። ምድጃ ላይ መጣድም የለም፣ ለደቂቃም ቢሆን።

ሲያወጡት የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ያዘጋጁ። የታጠፈ ደረቅ ፎጣ ወይም የእንጨት ጣውላ ይበቃል። ደረቅ የሚለውን ቃል ሁለቴ ያንብቡልኝ። ጠርዙ የተሸረፈ ወይም ሆዱ በቢላ የተጫረ ሳህን ደግሞ ለሰላጣ ይሁን እንጂ ኦቨን አይመለስ።

ኦቨን ውስጥ እያለ ቢፈነዳ በሩን አይክፈቱ። እሳቱን ያጥፉና ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይተዉት። ምግቡንም አብረው ይጣሉት፣ ከላይ ንጹህ ቢመስልም። መርፌ የምታህል ስባሪ በዓይን አትታይም።

ጥያቄ፦ ልጄ የገዛችልኝን የቴፍሎን መጥበሻ ኦቨን ውስጥ እጠቀምበት ነበር። ጎረቤቴ «መርዝ ነው፣ ወፍ ይገድላል» አለችኝና ፈራሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ጎረቤትዎ የሰሙት እውነት የሆነ ነገር አለው፣ ግን መቼ እንደሚሆን መለየት አለብን።

ቴፍሎን ፒቲኤፍኢ የሚባለው ነገር የንግድ ስም ነው። ሮይ ፕለንኬት የሚባል የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1938 ሌላ ነገር ሲፈልግ ያገኘው ነው። በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አርፎ የተቀመጠ ነገር ነው፣ ከምንም ጋር አይዋሃድም። ከ260 ዲግሪ በላይ መጎዳት ይጀምራል፣ 350ን ሲያልፍ ደግሞ በግልጽ እየፈረሰ ጭስ ያወጣል። ያ ጭስ ሰው ላይ ጉንፋን የሚመስል ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ያመጣል። ወፎች ሳንባቸው በጣም ስስ ስለሆነ እውነትም ይሞታሉ። ወፍ የሚያሳድግ ቤት ውስጥ ቴፍሎን ባይኖር እመርጣለሁ።

ስለዚህ ኦቨንዎ 180 ወይም 200 ላይ ከሆነ፣ እጀታውም ከቻለ፣ አምራቹም ኦቨን ይገባል ካለ፣ አይፍሩ። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ባዶውን መጥበሻ ምድጃ ላይ ጥዶ መርሳት አደገኛ ነው፣ በጥቂት ደቂቃ 260ን ያልፋል። ግሪል ሥር ማስገባትም እንደዚያው፤ የኦቨኑ ቁጥር 200 ቢልም ከላይ ያለው የጋለ ብረት መጥበሻውን ከዚያ በላይ ያግለዋል።

ፒኤፍኦኤ ስለሚባለው ኬሚካልም ሰምተው ይሆናል። እሱ ቴፍሎን ሲመረት ይጠቀሙበት የነበረ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ትተውታል። የተላጠ ፍርፋሪ ድንገት ቢዋጥ በሆድ አልፎ ይወጣል። ቢሆንም መጥበሻው ከተላጠ ሥራውን ጨርሷል፣ ምግብ ይይዛል፣ ይለውጡት። «ሴራሚክ ቅብ» የሚባለው አዲሱ ዓይነት ሙቀቱን የበለጠ ይችላል፣ ግን አለማጣበቁን ቶሎ ያጣል። ልጅዎ ሌላ ልትገዛልዎት ከፈለገች ይህን ንገሯት።

ጥያቄ፦ ከባዱን ጥቁር የብረት መጥበሻ ልግዛ ወይስ ከላይ ቀለም የተቀባውን የብረት ድስት? ሁለቱም ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው ይላሉ፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ኦቨን ይወዳሉ። ጥቁሩ ራቁት ብረት ነው። እጀታውም ብረት ነው፣ የሚላጥ ቅብ የለውም፣ የቤት ኦቨን ምንም አያደርገውም። የሚፈራው ውሃን ነው። አጥበህ እርጥቡን ከተውከው በማግስቱ ዝጎ ታገኘዋለህ። አጥበህ ወዲያው አድርቀው፣ ምድጃ ላይ ትንሽ አሙቀው፣ ስስ ዘይት ቀባው፣ ከዚያ ያንን ዘይት በንጹህ ጨርቅ ጠርገህ ልታወጣው የምትፈልግ እስኪመስልህ ድረስ ጥረገው። ዘይት ከበዛበት ይጣበቃል። ከዚያ ተደፍቶ ኦቨን ውስጥ በ230 ዲግሪ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ዘይቱ ወደ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ይለወጣል፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ የደገመ ሰው እንቁላል ሳይያዝበት ይጠብስበታል። ቲማቲም ወይም ሎሚ የበዛበት ምግብ ለረጅም ሰዓት አታብስልበት፣ ሽፋኑን ይበላዋል፣ ምግቡም ብረት ብረት ይላል።

የተቀባው ላይ ያለው ቀለም ሳይሆን ኢናሜል ነው፣ በከፍተኛ ሙቀት ብረቱ ላይ የቀለጠ መስታወት ማለት ነው። ስለዚህ አይዝግም፣ ቲማቲምም ግድ አይሰጠውም። ግን የመስታወትን ጠባይ ወርሷል፤ ሲወድቅ ይሸረፋል፣ ትኩሱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከነከርከው ይሰነጠቃል። የክዳኑን መያዣም ተመልከት፣ ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ድስቱ የቻለውን ያህል አይችልም። ዳቦ በ240 ለመጋገር ካሰብክ የብረት መያዣ ያለውን ፈልግ።

አንዱን ብቻ ምረጥ ካልከኝ፣ ብቻህን የምትኖርና ሥጋ የምትወድ ከሆነ ጥቁሩን ውሰድ። ለቤተሰብ፣ በዝግታ ለሚበስል ምግብ ከሆነ ኢናሜሉን። ሁለቱም ከልጅህ ዕድሜ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የሲሊኮን የኬክ ቅርጾች ኦቨን ውስጥ አይቀልጡም?

መልስ፦ አይቀልጡም። ብዙዎቹ እስከ 220 ወይም 230 ዲግሪ ድረስ ይችላሉ፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ ይጻፋል። ግሪል ሥር አታስገቢያቸው፣ የኦቨኑን ግድግዳ ወይም የጋለውን ብረት እንዳይነኩ አድርጊ። ሊጡን ከመገልበጥሽ በፊት ቅርጹን ጠንካራ ትሪ ላይ አስቀምጪው፤ ሞልተሽ ልታነሺው ስትዪ ይታጠፍና ሊጡ ወለሉ ላይ ነው። ኬኩም እንደ ብረት ትሪ አይቀላልሽም፣ ሲሊኮን ሙቀት የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኳቸው አንድ የመዳብ ድስትና ሁለት ያጌጡ የሸክላ ሳህኖች አሉኝ። በጣም እወዳቸዋለሁ። ኦቨን ውስጥ ብጠቀምባቸው ምን ይመስልሻል?

መልስ፦ የመዳቡን ውስጡን እዪው። ብርማ ሆኖ ለስለስ ያለና ትንሽ ደብዘዝ ያለ ከሆነ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ የድሮ መዳብ አብዛኛው እንዲያ ነው የሚሠራው። ቆርቆሮ የሚቀልጠው 232 ዲግሪ ላይ ነው። መዳቡ 1,085 ይችላል፣ ውስጡ ያለው ቅብ ግን ባዶውን በጣም ከጋለ ተሰብስቦ እንባ ይመስላል። ምግብ ኖሮበት እስከ 180 ድረስ ብትጠቀሚበት ይሠራል። ቅቡ ተፍቆ ቀዩ መዳብ ከታየ ግን አቁሚ። ኮምጣጣ ምግብ መዳቡን ያሟሟዋል፣ ያም ይመርዛል። ባለሙያ እንደገና ሊቀባው ይችላል።

የሸክላዎቹ ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። በድሮ ጊዜ የተሠሩ፣ በተለይ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ቀለም ያላቸው አንጸባራቂ ሳህኖች ቅባቸው ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት (ሌድ) ሊኖር ይችላል። እርሳስ በዓይን አይታይም፣ በሽታም አይታወቅም። ሙቀትና ኮምጣጣ ምግብ ሲገናኙ ወደ ምግቡ ይወጣል። ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። ስለዚህ አያትሽን እያስታወሰሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፣ ምግብ አይቅረብባቸው። ይህን ስልሽ እንደሚከብድሽ ይገባኛል።

ምንም ያልተቀባ፣ ለማብሰያ ተብሎ የተሠራ ሸክላ ካለሽ ግን ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ አስገቢውና ከኦቨኑ ጋር አብሮ ቀስ ብሎ ይሙቅ። የጋለ ኦቨን ውስጥ ድንገት ካስገባሽው ይሰነጠቃል። መስታወቱ የሞቀ ኦቨን ይፈልጋል ብያችሁ አሁን ሸክላው ቀዝቃዛ ይፈልጋል ስል ግራ እንዳይገባችሁ፤ ሸክላ ቀዳዳዎቹ ውስጥ እርጥበት ይይዛል፣ ያ እርጥበት ቀስ ብሎ መውጫ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ሁለት ዕቃ ብቻ ነው የሚገዛው። ለኦቨን ምንና ምን ልግዛ?

መልስ፦ አንድ ወፍራም የአሉሚኒየም ትሪና አንድ እጀታው ብረት የሆነ የስቴንለስ ስቲል ድስት። እኔ ዛሬ ከዜሮ ብጀምር የምገዛው ይህንኑ ነው።

ትሪውን ስትመርጥ በሁለት እጅህ ጫፍና ጫፉን ይዘህ እንደ ጨርቅ ጠምዘዝ አድርገው። ከታዘዘልህ ኦቨን ውስጥም ይታዘዛል፤ ስስ ትሪ 220 ላይ «ዷ» ብሎ ይጎብጣል፣ ዘይቱም ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ጠርዙ ውስጡ ሽቦ ኖሮት የተጠቀለለ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀለሙን ደግሞ ነጣ ያለውን ውሰድ። ጥቁር ትሪ ሙቀት ይስባል፣ ብስኩቱ ላዩ ሳይበስል ሥሩ ያርራል። ጥቁር ካለህም አትጣለው፣ የኦቨኑን ሙቀት 15 ዲግሪ ያህል ቀንስለት። ራቁት አሉሚኒየም ላይ ቲማቲምና ሎሚ አታሳድር። ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፍ፣ ወረቀቱም ወሰን አለው፣ አብዛኛው 220 አካባቢ ነው። ሰም የተቀባውን ወረቀት ከእሱ ጋር እንዳታምታታው፣ እሱ ኦቨን ውስጥ ይጨሳል።

ከመግዛትህ በፊት የኦቨንህን ውስጥ በሜትር ለካ። ትሪው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ መግባት የለበትም፣ በየጎኑ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ትሪው ሙሉውን ከዘጋው የጋለው አየር ከታች ይታፈናል፣ ሥሩ እያረረ ላዩ ጥሬ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ኦቨኑ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ይጠራል።

ድስቱን ስትመርጥ ሥሩ ወፍራም መሆኑን እይ። ስቴንለስ ብቻውን ሙቀት በደንብ አያሰራጭም፣ ስለዚህ መሃሉ አሉሚኒየም ገብቶበት የተነባበረውን ፈልግ። ክዳኑ ብረት ቢሆን ይመረጣል።

ትንሽ ብር ከተረፈህ የኦቨን ቴርሞሜትር ግዛበት። የኦቨኑ ቁልፍ 200 ስላለ ውስጡ 200 ነው ማለት አይደለም፤ እሳቱ እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ያረጀ ኦቨን ደግሞ 20 ዲግሪም ሊያሳስት ይችላል። ዕቃህ እስከ 220 ብቻ የሚችል ከሆነ ያቺ 20 ዲግሪ ቀላል አይደለችም።

ጥያቄ፦ መጥበሻውን ከኦቨን አውጥቼ ምድጃው ላይ አስቀመጥኩት። ጓንቱን አወለቅኩና ምግቡን ላገላብጥ ብዬ እጀታውን በባዶ እጄ ጨበጥኩት። መዳፌ በሙሉ ተላጠ። ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይደርስብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ። ያንን እጀታ ምድጃ ላይ መቶ ጊዜ በባዶ እጅሽ ይዘሽዋል፣ እጅሽ ለምዶታል። ኦቨን ሲገባ ግን እጀታውም እንደ ድስቱ እኩል ይግላል፣ ከወጣም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊያቃጥል ይችላል። እጅ ይህን አያስታውስም። ስለዚህ ማስታወሱን ለዓይን ስጪው።

ወፈር ያለ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ለዚህ ብቻ ለዪ። መጥበሻው ከኦቨን በወጣ ቅጽበት፣ ጓንቱን ሳታወልቂ፣ ጨርቁን እጀታው ላይ ጠቅልይው። ጨርቁ እዚያ እስካለ እጀታው ትኩስ ነው ማለት ነው፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይህን ይወቅ፣ ልጆችም። ከምድጃው እሳት ርቆ ይሁን። ጓንትሽም ጨርቅሽም ደረቅ ይሁኑ፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ፈጥኖ ወደ እጅ ያሳልፋል፣ ከዚያ በእንፋሎት ያቃጥልሻል።

ድንገት እንደገና ከደረሰብሽ እጅሽን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ያዢው። በረዶ አይሁን፣ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። ቀለበት ካለሽ ሳያብጥ አውጪው። አሁን እንደጻፍሽልኝ መዳፍሽ በሙሉ ተላጦ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዪው፣ እንዲህ ያለ የእጅ ቃጠሎ ቤት ውስጥ የሚታከም ነገር አይደለም።